ስለ ቢዝነስ ግራንት የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ቢዝነስ ያላችሁ፣ በተለይ ሴቶች፣ ጥቁሮችና ስደተኞች፣ ስለ ግራንት፣ ማለትም ስለማይመለስ የድጎማ ገንዘብ፣ የምትጠይቁት ብዙ ነው። ሥራዬ የትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ መያዝና ማመልከቻ ማዘጋጀት ነው። ጠበቃ አይደለሁም። አንዳንዱ መልስ ደስ ላይል ይችላል፣ ቅር አይበላችሁ።

ጥ፦ መንግሥት ቢዝነስ ለሚጀምር የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣል ይባላል። የት ነው የሚሞላው?

መ፦ የትም። የፌዴራሉ የአነስተኛ ቢዝነስ አስተዳደር፣ ሁላችንም ኤስቢኤ የምንለው፣ ቢዝነስ ለመጀመርም ሆነ ለማስፋት ግራንት አይሰጥም። ራሱ በድረ ገጹ ጽፎታል። ከፌዴራል ለቢዝነስ የሚወጣው ግራንት በአብዛኛው ለምርምርና ለቴክኖሎጂ ነው፤ ሌላው ለግዛቶችና ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ነው። የጽዳት ድርጅት ለመክፈት የፌዴራል ግራንቶች የሚወጡበት ግራንትስ ዶት ገቭ ላይ ሲያፈጡ ማደር ጊዜ ማቃጠል ነው።

ገንዘቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከተማችሁ፣ ካውንቲያችሁ፣ ግዛታችሁ፣ የግል ፋውንዴሽኖችና ትልልቅ ኩባንያዎች ጋ ፈልጉ። እኔ ሁልጊዜ ከከተማው ጀምሩ እላለሁ። መጠኑ አነስ ይላል፣ ተወዳዳሪውም ግን ከአገር አቀፉ በጣም ያነሰ ነው። የሱቅ ፊት ለማደስ፣ ዕቃ ለመግዛት ወይም ባዶ የቆመ ሱቅ ለመከራየት የሚሰጡ አሉ። የከተማውን የኢኮኖሚ ልማት ቢሮ የኢሜይል ዝርዝር ውስጥ ዛሬውኑ ግቡ። ማስታወቂያው ወጥቶ በጥቂት ሳምንት ሊዘጋ ይችላል፤ ከሰው የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ጥ፦ «ለጥቁር ሴቶች ብቻ» የሚሉ ግራንቶች ይበዙ ነበር። የት ገቡ?

መ፦ ፍርድ ቤት ገቡ። በ2021 ለምግብ ቤቶች በወጣው የኮቪድ ድጎማ ለሴቶች፣ ለቀድሞ ወታደሮችና ለተጎዱ ማኅበረሰቦች ቅድሚያ ተሰጥቶ ነበር። ክስ መጣና በዘርና በጾታ የሚሰጠው ቅድሚያ ቆመ። ከዚያ በነሐሴ 2023 አትላንታ የሚገኘው ፊርለስ ፈንድ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ለጥቁር ሴቶች በሚሰጠው የ20,000 ዶላር ግራንት ተከሰሰ። የተከሰሰበት ሕግ የ1866ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ከባርነት ገና ለወጡ ጥቁሮች የመዋዋል መብት እንዲያስከብር የወጣ ሕግ መሆኑን ስታስቡት ይገርማል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2024 ከከሳሾቹ ጎን ቆመ፣ በመስከረም ወር ደግሞ ጉዳዩ በስምምነት አለቀና ግራንቱ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰጪዎች ቋንቋቸውን ቀይረዋል። አሁን የምታዩት «ዝቅተኛ ገቢ ባለበት አካባቢ የሚሠራ»፣ «ካፒታል ለማግኘት የተቸገረ» የሚል ነው። ስለዚህ «ይሄ ለኛ አይደለም» ብላችሁ አርዕስቱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። መስፈርቱን እስከ ታች አንብቡ።

ጥ፦ በፌስቡክ አንድ ሰው «25,000 ዶላር ተፈቅዶልሻል፣ ለማስለቀቂያ 250 ላኪ» አለኝ። እውነት ይሆን?

መ፦ እህቴ፣ ሸወዳ ነው። ሰውየውን ብሎክ አድርጊው። ያላመለከትሽው ግራንት አይፈቀድልሽም። ማንም ሰጪ ደግሞ ገንዘብ ለማስለቀቅ ገንዘብ አይጠይቅም፣ በጊፍት ካርድማ ጨርሶ።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል። «ክፍያ ያለው ሁሉ ሌባ ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም። ከ1998 ጀምሮ ለሴቶች የሚሰጠው አምበር ግራንት 15 ዶላር ገደማ የማመልከቻ ክፍያ አለው፣ እውነተኛም ነው። ልዩነቱ እሱ ክፍያውን ሳይደብቅ ይነግርሻል፣ ታሸንፊያለሽ ብሎም አይምልልሽም። በተረፈ የቀጣሪ መለያ ቁጥር፣ ማለትም የቢዝነሱ የታክስ ቁጥር፣ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ በነፃ ነው። ለመንግሥት ሥራ የሚያስፈልገው የሳም ዶት ገቭ ምዝገባም በነፃ ነው። በተመዘገባችሁ ማግስት «ምዝገባህ ሊቃጠል ነው» የሚል ደብዳቤ ከክፍያ መጠየቂያ ጋር ይመጣል። ቅርጫት ውስጥ ነው ቦታው።

ጥ፦ ማመልከቻው ላይ ምን ብጽፍ ይሻላል? ሁለቴ ተከለከልኩ።

መ፦ የላክህልኝን አየሁት። ቋንቋው ያምራል፣ ችግሩ ፍሬ ነገር የለውም። ለምሳሌ አንዲት የልጆች መዋያ በቤቷ ያላት ሴት እንዲህ ብትጽፍ አስብ፦ «ሕልሜ ማኅበረሰቤን ማገልገል ነው። ገንዘቡን ቢዝነሴን ለማሳደግ እጠቀምበታለሁ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ገምጋሚው በዚያው ቀን ከሌሎችም አንብቦታል።

አሁን ይህን እይ፦ «ፈቃዴ ለስድስት ልጅ ነው። ዘጠኝ ቤተሰብ ተራ ይጠብቃል፣ ስማቸው የሰፈረበትን ዝርዝር አያይዣለሁ። ወደ ከፍተኛው ፈቃድ ለመሸጋገር የጓሮ አጥርና ሁለተኛ መውጫ በር ያስፈልገኛል። የአጥሩ ዋጋ 6,400፣ የበሩ 2,900 ዶላር ነው፤ የሠራተኞቹ የዋጋ ማቅረቢያ ተያይዟል። ፈቃዱ ከወጣ አንድ ረዳት እቀጥራለሁ።» እዚህ ላይ ሰጪው ገንዘቡ የት እንደሚገባ በዓይኑ ያየዋል። ሕልም የሚል ቃል የለበትም፣ ሕልሙ ግን ግልጽ ነው።

ሌላው የሚጥለው ወረቀት ነው። የቢዝነሱ ስም በባንክ ደብተሩ አንድ ዓይነት፣ በፈቃዱ ሌላ ዓይነት፣ በታክሱ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይመጣል። አንዷ ፊደል መለየቷ እንኳ ማመልከቻውን ታስመልሳለች። የግልና የቢዝነስ ሒሳባችሁ በአንድ ካርድ ከሆነ ግራንቱን ተዉትና መጀመሪያ እሱን ለዩ።

ጥ፦ ግራንት ካልሆነስ? ክሬዲቴ ደካማ ነው፣ ባንክ አያናግረኝም።

መ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ ለብዙ ሰው ቅርብ የሆነው ርካሽ ብድር ነው። ኪቫ፣ ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት ተባብረው የሚያበድሩበት ድርጅት፣ እስከ 15,000 ዶላር ያለ ወለድ ያበድራል፣ ዝቅተኛ የክሬዲት ነጥብም አይጠይቅም። የሚፈልገው ሰው ነው። ዘመቻው ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት የምታውቃቸው ሰዎች ጥቂት ጥቂት ብር ማበደር አለባቸው፤ በአንተ የሚያምን ሰው እንዳለ ማሳያ ነው። ከፍ ያለ ከፈለግህ ማይክሮሎን የሚባለው የኤስቢኤ አነስተኛ ብድር እስከ 50,000 ይደርሳል። እሱን የሚሰጡት ባንኮች ሳይሆኑ የማኅበረሰብ አበዳሪ ድርጅቶች ናቸው፣ ቁጭ ብለው ያናግሩሃል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያላችሁ ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ የሚባለውን አበዳሪ እዩ። በ1983 የተቋቋመው፣ አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል አካል ነው፤ ደንበኞቹ ግን ከየአገሩ ናቸው።

ጥ፦ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። ያግደኛል?

መ፦ እንደ ሰጪው ነው። ለግል ግራንቶች ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። የኤስቢኤ ብድሮች ላይ ግን የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕጉ ከ2025 ጀምሮ በጣም ጠብቋል። የክሬዲት ታሪክሽን ከማስመርመርሽ በፊት አበዳሪውን በስልክ ጠይቂ።

ጥ፦ ኤይት ኤ የሚባለው ምንድን ነው? ገንዘብ ነው?

መ፦ ገንዘብ አይደለም፣ ከገንዘብ ግን ይሻላል ባይ ነኝ። በመድልዎ የተጎዱ ሰዎች የያዙት ድርጅት የመንግሥት ሥራ እንዲያገኝ የሚረዳ የዘጠኝ ዓመት የኤስቢኤ ፕሮግራም ነው። ባለቤትነቱ ቢያንስ 51 በመቶ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት። የባለቤቱ የተጣራ ሀብት ከ850,000 ዶላር አይበልጥም። ድሮ ጥቁር ወይም ስፓኒሽ መሆን ብቻውን «ተጎጂ» ያሰኝ ነበር። በ2023 ቴነሲ ያለ ፍርድ ቤት ያን ሻረው። አሁን የደረሰባችሁን መድልዎ በታሪክና በማስረጃ ጽፋችሁ ማሳየት ግድ ነው። ለሴቶች የተለየ የምስክር ወረቀት አለ፣ ኤስቢኤ ጋ በነፃ ይሠራል። መንግሥት ከፌዴራል ኮንትራቶች 5 በመቶውን በሴቶች ለተያዙ ድርጅቶች ለመስጠት ግብ አለው።

ግራንት አንዴ ይመጣና ያልቃል። የአንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ኮንትራት ግን በየወሩ ይከፍላል። ግራንት ለማደን ወራት ከምታጠፉ ግማሹን ጊዜ ለዚህ ስጡ።

ጥ፦ ዕድሜዬ 62 ነው፣ እንግሊዝኛዬም ደከም ያለ ነው። የሚያግዘኝ በነፃ ይገኛል?

መ፦ ይገኛል። ስኮር የሚባል ከ1964 ጀምሮ ያለ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት አለ። በቢዝነስ የኖሩ ሰዎች ናቸው የሚያማክሩዎት። በየግዛቱ ያሉት የአነስተኛ ቢዝነስ ልማት ማዕከላትም ምክራቸው ነፃ ነው። ሲደውሉ አስተርጓሚ ወይም አማርኛ የሚናገር እንዳለ ይጠይቁ። ከሌለ ልጅዎን ይዘው ቢሄዱ ማንም አይከለክልዎትም።

ጥ፦ ግራንት ታክስ አለው?

መ፦ አለው፣ በአብዛኛው እንደ ገቢ ይቆጠራል። 10,000 ከገባላችሁ ሁሉንም አታውጡ፣ ለታክስ የሚሆነውን ለይታችሁ አስቀምጡ። የገዛችሁበትን ደረሰኝም ያዙ፣ ወጪው ይቀነስላችኋል።

ጥ፦ የከለከለኝ ሰጪ ጋ ደግሜ ባመለክት ያስጠላል?

መ፦ ኧረ ምንም! ግን ከማመልከትሽ በፊት የገምጋሚዎችን አስተያየት በኢሜይል ጠይቂ። ሁሉም አይመልስም። የመለሰው ግን የት ላይ ነጥብ እንደቀነሰብሽ ይነግርሻል፣ ቀጣዩን ማመልከቻ ከዚያ ጀምሪ።