ድሮኑ ቦታዎን ጣና ውስጥ ሲጥለው

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂው ከጓደኞቻቸው ጋር ማኅበር መሥርተዋል። ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ከሐይቁ 150 ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ 2 ሄክታር ገደማ ቦታ አላቸው። የዓሣ ማቀዝቀዣና መጋዘን ሊሠሩበት ነው። መስከረም ላይ ድሮን ያለው ልጅ ቀጥረው ቦታውን አስለኩ። ውጤቱን መሬት ቢሮ ሲወስዱት ቦታው በቢሮው ካርታ ላይ ጣና ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሌላ ባለሙያ ጠርተው ካርታውን «አስተካከለላቸው»፤ አሁን ቦታው የብስ ላይ ነው፣ ግን አጥሩ ከጎረቤት ይጋጫል። በዚህ ላይ ኮንቱሩ፣ ማለትም ካርታው ላይ ከፍታን የሚያሳየው መስመር፣ የቦታው መሃል ጉብታ ነው ይላል። እነሱ ደግሞ በየክረምቱ ውሃ የሚተኛው እዚያው መሃል ላይ መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ። «ሌላ ድሮን እንቅጠር ወይ?» ይላሉ።

አይቅጠሩ፣ ቢያንስ አሁን አይቅጠሩ። ያለዎት ፎቶ ሊተርፍ ይችላል። ከነገሩኝ ተነስቼ ስገምት ድሮኑ ጤነኛ ነው። የጎደለው መሬት ላይ መሠራት የነበረበት ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጁ ሲያበር የበረራ ፈቃድ በወረቀት አሳይቶዎታል? ደብዳቤዎ ላይ ስለዚህ አንዲት ቃል የለችም። ድሮን በአገራችን ያለ ፈቃድ አይበርም፤ ኢንሳም ሲቪል አቪዬሽንም ያገባቸዋል። ባሕር ዳር ደግሞ ኤርፖርቷ ቅርብ ነው። በዚያ ላይ በዚህ ጊዜ በክልላችን የድሮን ድምፅ ሰው ያስደነግጣል፤ እናት ልጇን ይዛ ወደ ቤት ትሮጣለች። ቀበሌውና ጎረቤቱ ሳያውቁ አንዲት ደቂቃም መብረር የለበትም።

ወደ ካርታው ልመለስ። ከላኩልኝ ላይ የአንዱን የማዕዘን ድንጋይ ቁጥር ወሰድኩ፤ አንዱን ከይዞታ ማረጋገጫው፣ ሌላውን ከድሮኑ። ስቀንሳቸው ልዩነቱ በምሥራቅ 92 ሜትር፣ በሰሜን 206 ሜትር ወጣ። ይህን ቁጥር እዚህ አካባቢ የሠራ ቀያሽ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ የልጁ ስህተት ወይም የድሮኑ መንሸራተት አይደለም። የዳተም ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን የሚያስረዳ ሰው በመጥፋቱ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። አንድ ድንጋይ ላይ ቆመን «ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ሰሜን ይህን ያህል» ስንል ቁጥሩ የሚቆጠርበት መነሻ አለው። መነሻው ዳተም ይባላል። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች፣ ብዙ የይዞታ ወረቀቶችም፣ መነሻቸው አዲንዳን ነው። አዲንዳን በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ እዚያው ዓባይ ዳር የነበረ የመለኪያ ነጥብ ነው። ከዚያ ነጥብ ተነስቶ በሦስት ማዕዘን ሰንሰለት እየተለካ ወደ ደቡብ ተመጣ። በንጉሡ ጊዜ፣ በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ የአሜሪካ ባለሙያዎች የዓባይን ተፋሰስ ሊያጠኑ ሲመጡ መረቡ ወደ እኛ ተራሮች ገባ። ያኔ በሳተላይት መለካት የለም። ከአንዱ ተራራ ጫፍ ሌላውን እያዩ ማዕዘን መለካት ነው። የምድር ቅርጽ ተብሎ የተወሰደውም ክላርክ 1880 የሚባለው ሞላላ ነበር። ድሮን ግን የሚያነበው ሳተላይት ነው። የሳተላይቱ መነሻ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ይባላል፤ ሌላ ሞላላ፣ ሌላ መሃል። ሁለቱ በመጠንም በመሃልም አይገጥሙም። ስለዚህ አንዱ ድንጋይ ሁለት ቁጥር አለው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የእኛንና የፈረንጆቹን ዘመን አቆጣጠር ያስቡ፤ ቀኑ አንድ ነው፣ የዓመቱ ቁጥር ግን ይለያያል። ችግሩ የሚመጣው በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ሲያነቡት ነው።

በባሕር ዳር አካባቢ የሳተላይቱ ቁጥር ከአዲንዳኑ በምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ በሰሜን 205 ሜትር ገደማ ይበልጣል። የቢሮው ባለሙያ የድሮኑን ቁጥር እንደ አዲንዳን ቆጥሮ ሲያስገባው ቦታዎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 225 ሜትር ያህል ሄደ። ከእርስዎ ቦታ በሰሜን በኩል ያለው ሐይቅ ነው። 150 ሜትሩን አልፎ ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ያደረገው ያናድደኛል። ዳተሙን መቀየር ሲገባው ካርታውን በማውስ ጎትቶ፣ አንዱን የአጥር ጥግ ከጎግል ምስል ጋር አገጣጠመና ሂሳቡን ተቀበለ። የጎግል ምስል ራሱ ሜትሮች ሊስት ይችላል። ለመንገድ መፈለጊያ ጥሩ ነው፤ ለወሰን ግን ጠብ መቀስቀሻ ነው። ከጎረቤት ጋር ያጋጨዎት ይኼ ነው። ያንን ፋይል አይጠቀሙበት፣ ለማንም አይስጡ። የመጀመሪያውን፣ ያልተነካውን ያስመልሱ። ፕሮግራሙ ላይ ከደብሊው ጂ ኤስ 84 ዩቲኤም 37 ሰሜን ወደ አዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን ይቀየር (ዩቲኤም ቦታን በሜትር የሚቆጥር የካርታ ፍርግርግ ነው)። የኮድ ቁጥራቸው 32637 እና 20137 ነው፤ ባለሙያው በዚህ ያገኛቸዋል። ያም ቢሆን ቀመሩ ብቻውን ለወሰን አይበቃም። ቢሮው የሚያውቀው አንድ የቁጥጥር ነጥብ፣ ማለትም ቁጥሩ አስቀድሞ በትክክል የተለካ ምልክት፣ ላይ ቆሞ ማመሳከር የግድ ነው።

አሁን ወደ ጉብታው። ልጁ በአንድ ከፍታ፣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ወደታች አድርጎ፣ መሬት ላይ የተለካ ምልክት ሳያስቀምጥ ነው የበረረው። እንዴት አወቅክ ካሉኝ፣ ጉብታው ልክ መሃል ላይ ነው፣ አራቱም ጥግ እኩል ዝቅ ብሏል። እውነተኛ መሬት እንዲህ ተመጣጥኖ አያብጥም። ፕሮግራሙ የካሜራውን ሌንስ በግምት ሲያስተካክል የሚሠራት ስህተት ናት። አንዳንዴ ጉብታ፣ አንዳንዴ ጎድጓዳ ሆና ትወጣለች። የሚከላከላት መሬት ላይ የተለካ ነጥብ ነው። ለ2 ሄክታር ቢያንስ 5፤ አራቱ ጥግ ላይ፣ አንዱ መሃል። ከእነሱ ሌላ 2 ወይም 3 ነጥብ ተለክቶ ከስሌቱ ውጭ ይቀመጣል፤ ካርታው ሲያልቅ የሚፈተነው በእነዚህ ነው። ጥቂት ፎቶ ካሜራውን ዘንበል አድርጎ ማንሳትም በጣም ይረዳል።

ጉብታውን ራስዎ መፈተን ይችላሉ። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ነጩን ቱቦ ውሃ ሞልተው ከጥግ ወደ መሃል ይዘርጉ። ውስጡ አየር እንዳይቀር። ሁለቱም ጫፍ ላይ ችካል ተክለው ውሃው የቆመበትን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ከምልክቱ እስከ መሬቱ በሜትር ይለኩ። መሃል ላይ ያለው ቁመት ከበለጠ መሃሉ ዝቅ ያለ ነው። እኔ የምጠብቀው ይህንን ነው።

ከፍታው ራሱም አጠራጥሮኛል። ካርታዎ ላይ የሐይቁ ጠርዝ 1768 ሜትር ይላል። ጣና፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ባለው በጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ፣ የሚያዘው ከ1784 እስከ 1787 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ቁጥር በቀጥታ ከድሮኑ ጂፒኤስ የመጣ ነው፣ ማንም ከከፍታ ነጥብ ጋር አላገናኘውም። በነገራችን ላይ የውሃውን መሃል አይመልከቱ፤ ውሃ ስለሚንቀሳቀስና ስለሚያብረቀርቅ ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ይቃዣል። ጠርዙን፣ የብሱን ያንብቡ።

መስከረም ላይ መነሳቱም ሌላ ጣጣ ነው። በዚያ ወቅት ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ ዳር ላይ ደንገልም አለ። ካሜራ የሣሩን አናት እንጂ አፈሩን አያይም። ሣሩ ረዥም በነበረበት በኩል ከፍታው ላይ እምነት አይጣሉ። ለኮንቱር የሚሆነው ከጥር እስከ መጋቢት ነው፣ ጠዋት፣ የሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ።

እና ፎቶው እንዴት ይተርፋል? ልጁን ዛሬውኑ ደውለው ጥሬ ፎቶዎቹን ይጠይቁ። ካርታውን ሳይሆን አንድ በአንድ የተነሱትን ፎቶዎች፣ ምንም ሳይቀነስ። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ እንዳይልክ፤ ይጨመቅና ከፎቶው ጋር የተያዘው መረጃ ይጠፋል። በፍላሽ ይቀበሉ። ከዚያ አርቲኬ ጂፒኤስ (እስከ ሳንቲሜትር የሚለካው የቀያሽ ጂፒኤስ) ያለው ቀያሽ ለግማሽ ቀን ይቅጠሩ። ፎቶው ላይ በግልጽ የሚታዩ፣ እስካሁንም ያልተነቃነቁ ነገሮችን ይለካልዎታል፦ የግንብ አጥር ጥግ፣ የቱቦ ራስ፣ የጉድጓድ ክዳን ማዕዘን። ሰባት ስምንት ካገኘ ፎቶው እንደገና ይሠራል። ጉብታውም፣ ከፍታውም፣ የዳተሙም ነገር አብሮ ይስተካከላል። ሣሩ የሸፈነውን ክፍል ብቻ በቶታል ስቴሽን (ባለ ሦስት እግሩ የቀያሽ መለኪያ) ይሙሉት።

አርቲኬ ስል በእጅ የሚያዘውን ትንሹን ጂፒኤስ ማለቴ አይደለም። እሱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ አርቲኬው ከ1 እስከ 3 ሳንቲሜትር። በእጅ ጂፒኤስ ነጥብ ለክቶ «መሬት ላይ ቁጥጥር አድርጌያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያ ከምንም ይከፋል፤ ደህናውን ፎቶ ያጣምመዋል። ምልክቱም እንዲሁ ነው። ፌስታል በአራት ጠጠር ይዘው ምልክት ነው ይላሉ፤ ድሮኑ ሳይነሳ ነፋሱ ይወስደዋል። ከገበያ የተለቃቀመ ፎርጅድ ባትሪ የሚጭኑም አሉ። ያበጠ ባትሪ ካዩ ሥራውን እዚያው ያስቁሙ፤ አየር ላይ ኃይሉ ቢጠፋ የሚወድቀው ሰው ላይ ነው።

ፎቶው ጠፍቶ ዳግም መቅጠር ግድ ቢሆንብዎ፣ ሳይዋዋሉ በፊት ይህን በወረቀት ያስጽፉ። ነጥቦቹ በምን መሣሪያ እንደሚለኩ፣ ካርታው በየትኛው ዳተም እንደሚሰጥ፣ ከስሌት ውጭ በቀሩት ነጥቦች ላይ ስህተቱ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ሪፖርት፣ ጥሬ ፎቶው የእርስዎ መሆኑ። ባለ 20 ሜጋፒክስል ድሮን 80 ሜትር ላይ ሲበር አንዷ የምስል ነጥብ መሬት ላይ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ትሸፍናለች፤ በደህና ነጥብ ከፍታውን ከ10 ሳንቲሜትር በታች ስህተት ያወጣዋል። ከዚህ የባሰ ካመጣ ምክንያቱን ይንገርዎ። ቀሪውን ክፍያ ቢሮው ካርታውን ከተቀበለ በኋላ ይክፈሉ። ፈቃዱንም ሳይዋዋሉ በፊት ይዩ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የድሮኑን መለያ ቁጥር። «ዘመድ አለኝ፣ ችግር የለም» ካለዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

እውነቱን ለመናገር ለ2 ሄክታር ሜዳ ድሮን አያስፈልግም ነበር። ጥሩ ቀያሽ በቶታል ስቴሽን በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሰዋል፣ ሣሩም አያግደውም። ድሮን የሚያዋጣው ለድንጋይ ካባ፣ ለረዥም መንገድ፣ እንደ ፎገራ ላለ ሰፊ የሩዝ ሜዳ ነው።

ግሬደር ተከራይተናል ብለዋል። አሁን ባለው ኮንቱር ከቆረጠ መሃሉን ይበልጥ ያጎደጉደዋል፤ ክረምት ሲገባ መጋዘንዎ ኩሬ ውስጥ ይቆማል። የቱቦውን ልኬትና የአንዱን ማዕዘን አዲስ ቁጥር እስኪልኩልኝ ድረስ ግሬደሩን ያቁሙት።