የኢትዮጵያ ቡና በጃፓን ገበያ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወደ ጃፓን የላክነው ቡና በእኛ አሃዝና በጃፓን ጉምሩክ መዝገብ የማይገጥመው ለምንድን ነው? የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለኩት ግን አንድ ነገር አይደለም። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የጃፓን የንግድ መዝገብ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይሄዳል። እኛ የምንመዘግበው ቡናው መርከብ ላይ እስኪጫን ያለውን ዋጋ ሲሆን፣ ጃፓን የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ትጨምርበታለች። ሰኔ መጨረሻ ላይ ከጅቡቲ የተነሳ ኮንቴይነር በእኛ ዘንድ የአምናው ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ግን የእኛ አዲስ በጀት ዓመት ከገባ በኋላ ነው። በሌላ አገር ነጋዴ በኩል የተሸጠውን ደግሞ ጃፓን በበቀለበት አገር ስም ትመዘግበዋለች፤ በእኛ ሰነድ መድረሻው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዶላሩን ትተው ኪሎውን በየወሩ ያነጻጽሩ፤ የታሪፍ ቁጥሩም 0901.11 ይሁን፣ ካፌይኑ ያልወጣለት ጥሬ ቡና ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ገቢው በዶላር ካደገ አፈጻጸሙ ጥሩ ነው ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ለምሳሌ አምና 1,000 ቶን፣ ቶኑን በ4,000 ዶላር ሸጠን 4 ሚሊዮን አገኘን እንበል። ዘንድሮ 900 ቶን በ5,000 ዶላር ሸጠን 4.5 ሚሊዮን ገባ። ገቢው በ12.5 በመቶ አደገ፤ መጠኑ ግን በ10 በመቶ ወረደ። አንድ ቶን 2,204.6 ፓውንድ ስለሆነ ዋጋችን በፓውንድ ከ181 ወደ 227 የአሜሪካ ሳንቲም ሄዷል። በዚሁ ጊዜ በኒውዮርክ የሸቀጥ ገበያ የአረቢካ (የእኛ ዓይነት ቡና) ዋጋ ከ150 ወደ 210 ሳንቲም ወጥቶ ከሆነ፣ ከገበያው በላይ እናገኝ የነበረው 31 ሳንቲም ወደ 17 ወርዷል። ይህ ድካም ነው፣ ዕድገት አይባልም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ብራዚልን ውርጭ ሲመታት ዋጋው ለሁሉም አምራች ወጥቷል፤ እንዲህ ያለውን ጭማሪ የራስ ጥረት ውጤት አድርጎ መቁጠር ያሳስታል። በብር የተነገረ ዕድገት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ በተለይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀበት ከጁላይ 2024 ወዲህ።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያው ድንገት የወደቀው ለምን ነበር?

መልስ፦ ጃፓን ውስጥ «ሞካ» እየተባለ የሚወደደው ቡናችን ላይ ሊንዴን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር የተባሉ የፀረ-ተባይ ቅሪቶች ተገኙ። ዋነኛው ጥርጣሬ ያረፈው በጆንያው ላይ ነበር። ጃፓን ከሜይ 2006 ጀምሮ የተለየ ገደብ ላልወጣለት ኬሚካል በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ብቻ ትፈቅዳለች። ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን የያዘ ኮንቴይነር ውስጥ በሙሉ ሲደመር 192 ሚሊግራም ነው፤ ከአንድ ግራም አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም! አስመጪው እያንዳንዱን ጭነት በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ስለተገደደ፣ ብዙዎች ወደ ሌላ አገር ቡና ዞሩ።

ነገሩን ያከበደው የጊዜው መግጠም ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል በደረጃና በአካባቢ እየተቀላቀለ መሸጥ ጀመረ፤ ገዥው «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ በጠየቀበት ሰዓት መልሱ ጠፋ። መነሻው የታወቀ ቡና እንዲሸጥ በሰፊው የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017ቱ ማሻሻያ ነው።

ጥያቄ፦ ላኪ ታዲያ ምን ያድርግ?

መልስ፦ ጆንያው አዲስና ለምግብ የተመሰከረለት ይሁን፤ እህል ወይም ኬሚካል የያዘ ጆንያ ለመጋዘን ማቆያም ቢሆን አይጠቀሙ። ቡናው ባለበት መጋዘን የነቀዝ መድኃኒት አይረጭ፤ የጭነት መኪናው ቀደም ሲል ምን እንደጫነ ይጠየቅ። ናሙና ከላይ ካሉት ጥቂት ጆንያዎች ብቻ ከተወሰደ ውጤቱ አያስተማምንም፤ ከየአቅጣጫው ተወስዶ ይቀላቀል፣ ሳይጫን በፊት ይመርመር፣ ግማሹም ታሽጎ ይቀመጥ። ሁለት ቦታ የተገዛ ቡና በአንድ የሎት (የጭነት መለያ) ቁጥር አይመዝገብ፤ ችግር ሲገኝ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉና።

ጥያቄ፦ ቆልተን ብንልክስ?

መልስ፦ ጣዕሙ በሳምንታት ውስጥ መውረድ ይጀምራል፤ የባሕር ጉዞው ብቻውን ከዚያ ብዙውን ይበላል። አስቀድሞ የተስማማ ገዥና የአየር ጭነቱን የሚሸከም ዋጋ ካለ ይሞከራል።