ሰልፉ «ተበተነ» ወይስ በተኑት?

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «ሰልፉ ለደህንነት ሲባል እንዲበተን ተደርጓል» ሲሉ ሰማሁ። ጓደኛዬ «ሰልፍ አይበተንም፣ የሚበተነው ሰልፈኛው ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ተሳስቷል። ስብሰባው ተበተነ፣ ጉባኤው ተበተነ፣ ቤተሰቡ ተበተነ እንላለን። «ሰው እንጂ ሰልፍ አይበተንም» የሚሉ አራሚዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሕጉን ከየት እንዳመጡት ግን አልነገሩንም።

«ሰልፍ»ን ካነሳን አይቀር፣ በግዕዝ ጦርነት ማለት ነው፤ ለውጊያ የተሰለፈ ጦርም ይባልበታል። ዳዊት ለጎልያድ «ሰልፉ የእግዚአብሔር ነው» ያለው ታክሲ እየጠበቀ አይደለም። በጥንቱ ጆሮ «ሰላማዊ ሰልፍ» ሰላማዊ ጦርነት ነው!

እኔን የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። ሰልፈኛው መፈክሩን አሰምቶ በሰላም ወደየቤቱ ሲሄድ «ተበተነ» ነው። አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶበት፣ ጫማውን ጥሎ ሲሮጥም «ተበተነ» ነው። ያቺ «ተ» ሁለቱንም ትሸከማለች። «እንዲበተን ተደርጓል» ሲባል ደግሞ አድራጊው ሁለት ጊዜ ተደበቀ፤ «ሲባል» ሲጨመርበት ሦስት። ማን በተነው? ማን አለ? የማንስ ደኅንነት ነው? (በነገራችን ላይ ደኅንነት በ«ኅ» ነው፣ ከ«ድኅነት» ጋር አንድ ሥር ነው። በ«ህ» የሚጽፈው በዝቷል፤ ይጻፍ፣ እኔ ግን አልጽፍም።)

ፖሊስ ለሕዝብ ደኅንነት ብሎ ሰልፍ የሚበትንበት ጊዜ የለም አላልኩም። ከበተነ «ፖሊስ በተነ» ይባል ነው የምለው። ምክንያቱ ከኋላ ይከተል።

«ያልተፈቀደ ሰልፍ» የሚሉትም ያው ነው። አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። «ያሳውቅ» እንጂ «ያስፈቅድ» አላለም። ጊዜውና ቦታው ይቀየር ማለት ይቻላል፣ ጭራሽ አይደረግ ማለት ግን አይቻልም። ዛሬ ሰልፍ የሚጠሩት ሰዎች ራሳቸው «ፈቃድ ጠየቅን» ይላሉ፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል።

«አድማ በታኝ»ንም አልወደውም። አድማ ተማክሮ በስውር ማበር ነው፤ ሰልፍ ግን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አደባባይ መሀል ነው። «ሰልፍ በታኝ» ቢባል ይሻል ነበር። ግን የሰፈሬ ሕፃናት እንኳ የራስ ቁርና ጋሻ የያዘ ፖሊስ ሲያዩ «አድማ በታኝ መጣ!» ነው የሚሉት። ከእነሱ ጋር ክርክር አልገጥምም።