ሎግቡካችሁን ማን ነው የሚፈርመው?

ባለፈው ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ የጎረቤቴ ልጅ የአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ብሮሹር ዘረጋችልኝ። “ሲስተር፣ እዚህ ሚድዋይፈሪ (አዋላጅነት) በዲግሪ ልመዝገብ ነው፤ እንዴት ያዩታል?” ብሮሹሩ ላይ ስቴቶስኮፕ ያንጠለጠሉ ልጆች ይስቃሉ። ታክሲው ደረሰና በቅጡ ሳልመልስላት ገባሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌላ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ጡረታ ሳልወጣ እዚሁ ከተማው ዳር አንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል እሠራ ነበር። ከየኮሌጁ ተማሪዎች ለአታችመንት፣ ለተግባር ልምምድ ማለት ነው፣ ይላኩልን ነበር። አንዳንድ ቀን ምጥ የያዛት እናት አልጋ ዙሪያ ጋውን በጋውን ይሆናል፤ እናትየዋ ራሷ አትታይም። ከእነሱ መሀል አንዲት ዝምተኛ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ክፍያዋን የሚችሉት አባቷ ናቸው፤ የእርሻ መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ሲወሰድ ከተሰጣቸው ካሳ ላይ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ ቀን ሥራው ጋብ ሲልልን “ነይ እስቲ፣ የፅንሱን የልብ ምት አዳምጪልኝ” አልኳት። ፌቶስኮፑን፣ የፅንስ ልብ ማዳመጫውን፣ ይዛ ወደ እናትየዋ ቀረበች። የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች ነው፤ የእናትየዋን ሆድ ለዳሰሰ ሰው ግልጽ ነው። እንዲህ ሲሆን ምቱ የሚሰማው ከእምብርት በታች፣ የልጁ ጀርባ ባለበት በኩል ነው። እሷ ግን ሳትዳስስ ሽቅብ ወደ ጎድን አጥንት አስጠግታ ተከለችው። ጆሮዋን ደፍታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ “140” አለችኝ። ቁጥሩ የመጽሐፍ ነው። ምንም እንዳልሰማች እሷም እኔም አውቀናል።

ሎግቡኳን፣ የሠራችውን መዝግባ የምታስፈርምበትን ደብተር፣ አሳዪኝ አልኳት። ሞልቷል። ያዋለደቻቸው እናቶች ከነቀኑ ተዘርዝረዋል፤ ከጎኑ ፊርማ፣ ፊርማ፣ ፊርማ። ሁሉም በአንድ ሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ በአንድ ሰው እጅ። “እነዚህን ሁሉ አዋልደሻል?”

“ሲዋለዱ አይቻለሁ፣ ሲስተር። ዶሉ ላይ ግን ሠርቻለሁ።” ዶሉም፣ የመለማመጃው አሻንጉሊት፣ ለመላው ክፍል አንድ ነበር፤ እሱም ሆዱ የተቀደደ።

እናትየዋን አስፈቅደን እጇን በእጄ ይዤ አስዳሰስኳት። ጭንቅላቱን ስታገኘው ደንግጣ “ይሄ ነው እንዴ?” አለች። ልትመረቅ ወራት ሲቀራት! ብታዩአት እኮ እጇ ቶሎ የሚለምድ፣ አንዴ ያሳየኋትን የማትረሳ ልጅ ናት። አጠገቧ የሚቆም አስተማሪ ነው ያጣችው። እኔም እንዳላቆያት የተመደቡበት ጊዜ አለቀ፤ ሌላ ቡድን መጣ።

ተመርቃ ሥራ ልትፈልግ ስትል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ግን የሌላ ካምፓስ ነው። እሷ የተማረችበት ቅርንጫፍ ለዚያ ዲግሪ ዕውቅና የለውም። ከዓመታት በኋላ ቃሊቲ አንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ውስጥ አገኘኋት። የስልኬን መስታወት ለጠፈችልኝና ብር አልቀበልም ብላ ሞገተችኝ። ስለ ትምህርቷ አላነሳችም፤ እኔም ለማንሳት አፌ አልታዘዘልኝም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ “ኮሌጁ ዕውቅና አለው” ሲሏችሁ እዚያ ላይ አታቁሙ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በየካምፓሱና በየትምህርት ዘርፉ ነው። ነርሲንግ ተፈቅዶለት ሚድዋይፈሪ ያልተፈቀደለት ይኖራል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ቆማችሁ አንብቡ፤ የካምፓሱን ስም፣ የፕሮግራሙን ስም፣ ጊዜው ማለፍ አለማለፉን።

ፈተናውንም አትርሱ። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የብቃት ምዘና ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። “ባለፈው ዓመት ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?” በሏቸው። የኮሌጁን አጠቃላይ ውጤት እያነሱ ካድበሰበሱባችሁ ጨዋታው ገብቷችኋል። ደግሞ የጽሑፍ ፈተና የእጅን ሙያ አያሳይም። ያቺ ልጅ በጥያቄና መልስ ማንንም ታስከነዳ ነበር።

የዛሬ ልጆች ግን መጠየቅ ለምን እንደምትፈሩ አይገባኝም። ስልክ ለመግዛት ሜርካቶን ታዳርሳላችሁ፤ አራት ዓመት ለምትማሩበት ቦታ አንድ የቲክቶክ ማስታወቂያ ይበቃችኋል። እውነቱን ለመናገር እኛም አልጠየቅንም፤ መንግሥት መደበን፣ ገባን። ዕድለኞች ሆነን ያስተማሩን ሲስተር የጎንደር ጤና ኮሌጅ ምሩቅ ነበሩ። ያ ኮሌጅ በ1940ዎቹ ሲከፈት የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን ገጠር እየላከ ነበር የሚያስተምረው። ወደ ዋርድ፣ ወደ ሕሙማኑ ክፍል፣ ሳንገባ ሲስተር ጥፍራችንን እያገላበጡ ያዩ ነበር። ያደገ ጥፍር ካገኙ ወደ ዶርም ይመልሱናል። እንዴት እንጠላቸው ነበር!

የግል ኮሌጅ አትግቡ እያልኩ አይደለም። አጥብቀው የሚያስተምሩ አሉ፤ የመንግሥቱም ቢሆን አንድ አልጋ ላይ ክፍል ሙሉ ተማሪ የሚያፈስ አለ። የራሴ ልጅ ብትሆን ግን የመንግሥት ነው የማስገባት። እንግዲህ ፍረዱኝ።

ስለ ክፍያው ምንም አልል፤ ሒሳቡን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ኮሌጁ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ቁጭ በሉና ሦስተኛ ዓመት የደረሱትን አናግሩ። ሎግቡካችሁን ማን ነው የሚፈርመው? ሆስፒታል ስትወጡ አስተማሪ አብሯችሁ ይውላል ወይስ በር ላይ ጥሏችሁ ይመለሳል? ከዚያ ኮሌጁ “ውል አለን” የሚለውን ሆስፒታል ስም ተቀበሉና ሄዳችሁ የዋርዱን ኃላፊ ሲስተር ጠይቁ። ጠዋት አትሂዱ፤ ራውንድ፣ ሐኪሞቹ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ሕሙማን የሚያዩበት ሰዓት፣ ስለሆነ ዞሮ የሚያያችሁ የለም። ከሰዓት፣ የመድኃኒት ሰዓት ሲያልፍ ሂዱ።