«ተስፋዬ ካለቀ መዳንም ከእኔ ራቀ ማለት ነው?»

ለምክር አምድ አዘጋጆች፦

ባለቤቴ በስትሮክ ከወደቀች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ ንግግሯም ከጥቂት ቃላት አያልፍም፤ የምንናገረውን ግን ትረዳለች። ሁለታችንም ክርስቲያኖች ነን። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሌት ተቀን ጸለይኩ፣ ጾምኩ፣ ተሳልኩ። አሁን ልጸልይ ስንበረከክ አፌ ይያዛል። ሊጠይቁን የሚመጡት «እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይሰጥም» ይሉኛል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «እምነትህ ሙሉ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በተነሣች» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ያስቀረኋት እኔ እየመሰለኝ ዓይኗን ማየት አፍራለሁ። ተስፋዬ ካለቀ መዳንም ከእኔ ራቀ ማለት ነው? እሷንስ ምን ብዬ ላጽናናት?

መልስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የዘመድዎን ቃል ከትከሻዎ ያውርዱ። ሐዋርያው ጳውሎስ የብዙ ድውያን መፈወስ በእጁ የተፈጸመ ሰው ነበር፤ ሆኖም የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት እንደ ሄደ ራሱ ጽፏል (2 ጢሞ 4፥20)። ስለ ገዛ ሥቃዩም ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም (2 ቆሮ 12)። ጳውሎስን እምነት የጎደለው ነው የሚል ካልተገኘ፣ እርስዎንም ሊከስ የሚችል የለም።

«ከአቅም በላይ አይሰጥም» የሚሉትም ቃሉን ከቦታው አንሥተው ነው። በ1 ቆሮ 10፥13 ላይ ያለው ስለ ፈተና፣ ማለትም ወደ ኃጢአት ስለሚስብ ነገር፣ የተነገረ ነው። ስለ መከራ ሲናገር ያው ጳውሎስ ከአቅሙ በላይ እንደ ከበደውና በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ እንደ ደረሰ ይመሰክራል (2 ቆሮ 1፥8)። ስለዚህ «ከብዶኛል፣ አልቻልኩም» ማለት ክህደት አይደለም።

ወደ ጥያቄዎ እንምጣ። «ቤዛ» የሚለውን ቃል በዘሌዋውያን 25 ይፈልጉት። ሰው ደህይቶ ርስቱን ቢሸጥ፣ ራሱንም ለባርነት ቢሰጥ፣ የቅርብ ዘመዱ ዋጋውን ከፍሎ ይቤዠዋል። የዘመዱ መብት የሚመጣው ከሥጋ ዝምድናው ነው፤ የተሸጠው ሰው ምን ያህል ተስፋ እንዳደረገ የሚመዝን ማንም የለም። በግብፅም የሆነው ይኸው ነው። እግዚአብሔር በተዘረጋ ክንድ እንደሚታደጋቸው በሙሴ አፍ ሲነግራቸው፣ ሕዝቡ ከጭንቀታቸውና ከሥራው ክብደት የተነሣ አልሰሙትም (ዘጸ 6፥6-9)። እግዚአብሔር ግን «እንግዲያው ካላመናችሁ ቅሩ» አላለም። አወጣቸው። የእርስዎ ተስፋ ስለ ደከመ የቤዛዎ ክንድ አልደከመም፤ መዳንዎም የቆመው በእርሱ ክንድ ላይ ነው።

ተስፋው ምን እንደሆነ ግን በትክክል መያዝ ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነውና። ባለቤትዎ በዚህ ዓመት ወይም በሚመጣው እንደምትነሣ የተሰጠ የቀን ቀጠሮ የለም። ፈውስን መለመን ተገቢ ነው፤ መድኃኒቷና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናዋም አይቋረጥ። ተስፋ ሆኖ የተሰጠው በሮሜ 8፥23 ያለው የሰውነታችን ቤዛነት፣ ማለትም ትንሣኤ ነው፤ እዚያው ላይ መንፈስ የተቀበሉትም ጭምር እየቃተቱ እንደሚጠብቁ ተጽፏል። በተስፋ መሆንና መቃተት አብረው ይኖራሉ። ሰቆቃወ ኤርምያስን ቢያዩ፣ የእግዚአብሔር ምሕረት በየማለዳው አዲስ ነው የሚለው ቃል የሚገኘው በአምስቱ ምዕራፎች መካከል፣ በሦስተኛው ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልቅሶው ይቀጥላል።

አፍዎ ሲያዝ የራስዎን ቃል አይፈልጉ። መዝሙር 13ን ይውሰዱ (በግእዙ አቆጣጠር 12 ነው)። ድምፅ አውጥተው ቀስ ብለው ቢያነቡት አንድ ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ «እስከ መቼ?» እያለ የሚያጉረመርም፣ «ተመልከተኝ» ብሎ የሚለምን፣ በምሕረቱ የሚታመን። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ዘሎ ወደ ሦስተኛው ሲሮጥ ነው፤ ያልተነገረው ምሬት በውስጥ ይቀርና ምስጋናው ከአፍ አያልፍም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል «እስከ መቼ» ካለው ላይ ቆም ይበሉ፤ የራስዎን ምሬት በስሙ ጠርተው ያስገቡ፤ «እስከ መቼ ባለቤቴ ስሜን ሳትጠራኝ?» ይበሉ። ሦስተኛውን ክፍል ልብዎ ባይከተለውም ያንብቡት። እሱም ከከበደ መዝሙር 88 (በግእዙ 87) አለ፤ በጨለማ የሚያልቅ ጸሎት ነው፣ እሱም ከቅዱሳት መጻሕፍት ተቈጥሯል። አዲስ ስለት ግን አይጨምሩ። ስለት በስለት ላይ ሲደራረብ ጸሎት ንግድ ይሆናል፣ ያልተመለሰ ልመና ሁሉም በእርስዎ ላይ ዕዳ ሆኖ ይቈጠራል።

በማርቆስ 2 ሽባውን ለአራት ተሸክመው አመጡት፤ ኢየሱስም «እምነታቸውን» አይቶ ነው ለሽባው የተናገረው። እርስዎ ሁለት ዓመት አራቱንም እጀታ ብቻዎን ይዘዋል። ከቤተ ክርስቲያን ጥቂት ሰዎች ይምረጡና የተለየ ሥራ ይስጧቸው፦ አንዱ በሳምንት አንድ ከሰዓት ከእሷ ጋር ይቀመጥ፣ አንዱ ሐኪም ቤት ያድርስ፣ አንዱ እርስዎ ያቃተዎትን ጸሎት ይጸልይ። «የሚያስፈልግህ ካለ ንገረኝ» ለሚል ሰው ቀንና ሰዓት ይስጡት፤ አለበለዚያ እሱም ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ይቀራል።

ስለራስዎም፦ ኤልያስ ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር ከመገሠጽ በፊት ሁለት ጊዜ አበላው፣ አስተኛው (1 ነገ 19)። ሐዘኑ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከዘለቀ ለሐኪም ይንገሩ፤ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ነው፣ ይታከማል። መሞትን መመኘት ከመጣ ሌሊቱን ብቻዎን አያሳልፉት፤ ዕለቱኑ ለሰው ይናገሩ።

ባለቤትዎን የሚያጽናና ንግግር አያዘጋጁላት። ከሁሉ በፊት ዓይኗን ይዩ፤ ሕመሟን ያመጡት እርስዎ አይደሉም። ሬዲዮና ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ፊት ለፊቷ ይቀመጡ፣ በአዎ ወይም በአይ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋት፦ «መዝሙር ላንብብልሽ?» እስከ አሥር ያህል በልብዎ ቈጥረው ይጠብቁ፤ ቃሉን ከአፏ አይንጠቁ። ሌላም ነገር አለ። ስትሮክ ንግግርን ሲጎዳ፣ ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ጸሎትና መዝሙር ብዙ ጊዜ ከሌላው ንግግር ይልቅ ይተርፋል። ማታ እጇን ይዘው «አባታችን ሆይ» ብለው ይጀምሩና ዝም ይበሉ። አንድ ቃል ከወጣት አብረዋት ይቀጥሉ፤ ካልወጣት እርስዎ እስከ መጨረሻው ይበሉላት፣ በነጋታውም እንደገና ይጀምሩ።