ከነጉድፉ አጥኑት፦ ለጀማሪ የሕግ ባለሙያዎች

ይድረስ ለሕግ ተማሪዎችና ለጀማሪ ባለሙያዎች፤

በሕግ ማርቀቅ ሥራ ያረጀሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ ሙያ የሚማርካችሁ ሁሉ የኦቶማኑን የሕግ ሊቅ የአሕመድ ጀቭደት ፓሻን ታሪክ እንድታጠኑ እመክራለሁ። ዛሬ በቡልጋሪያ ግዛት ባለችው በሎፍቻ የተወለዱት እኚህ ሊቅ ኢስታንቡል የገቡት የመድረሳ ተማሪ ሆነው ነበር።

በዘመናቸው የኦቶማን መንግሥት አዳዲስ ፍርድ ቤቶችን ቢያቋቁምም፣ ብዙዎቹ ዳኞች የሸሪዓ ሕግን በጥልቀት ያልተማሩ ነበሩ፤ ሕጉም የሊቃውንት አስተያየት በሚለያይባቸው ግዙፍ የዐረብኛ መጻሕፍት ተበትኖ ነበር። አንዳንድ ባለሥልጣናት የፈረንሳይን ፍትሐ ብሔር ተርጉመን እንጠቀም ሲሉ፣ ጀቭደት ግን ከሸሪዓ የሕግ ፈለጎች አንዱ የሆነው የሐነፊ ሕግ በቱርክኛ በአንቀጽ ተከፋፍሎ እንዲጻፍ ተከራከሩ። በእሳቸው በሚመራው ኮሚቴ ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው መጀሌ የተባለው የፍትሐ ብሔር ሕግ 16 መጻሕፍትና 1,851 አንቀጾች አሉት። አጻጻፉን ልብ በሉ፦ አንቀጽ 91 ሕግ የፈቀደው ድርጊት ካሳ አያስከፍልም ካለ በኋላ፣ አንድ ሰው በገዛ መሬቱ በቆፈረው ጉድጓድ የሌላ ሰው ከብት ገብቶ ቢሞት ካሳ አይከፍልም ሲል ምሳሌ ይጨምራል። በሩቅ አውራጃ ብቻውን የተቀመጠ ዳኛ ይህን ሲያነብ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። ሊቅነታቸውን ለማሳየት ያልጻፉት በመሆኑ ይመስለኛል መጀሌ በቱርክ እስከ 1926፣ በእስራኤልም በከፊል እስከ 1984 የቆየው። በመካከሉ ከኃላፊነት ተነስተው ነበር፤ ያለ እሳቸው የወጣው ስለ አደራ የሚደነግገው መጽሐፍ ግን ጉድለት ስለተገኘበት ተሰብስቦ፣ ከተመለሱ በኋላ እንደ አዲስ ተጻፈ።

እስከዚህ ያለውን አድናቂዎቻቸው ሁሉ ይነግሯችኋል። እኔ ይበልጥ እንድታጠኑት የምፈልገው ግን 1881ን ነው። በዚያ ዓመት ሱልጣን አብዱልአዚዝን አስገድለዋል ተብለው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚድሃት ፓሻ በይልዲዝ ቤተ መንግሥት ሲከሰሱ፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ የቆየ የፖለቲካ ባላንጣቸው የሆኑት ጀቭደት ነበሩ። ሱልጣኑ በ1876 ሲሞቱ 19 ሐኪሞች ራሳቸውን አጥፍተዋል ብለው ፈርመዋል፤ የመጀሌ አንቀጽ 4 ደግሞ እርግጥ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም ይላል። መጀሌ የወንጀል ሕግ አይደለም ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ይህን ሚዛን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሚድሃት ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ ግዞት ቢለወጥላቸውም በ1884 በጣኢፍ እስር ቤት ተገደሉ።

በሱልጣን አብዱልሐሚድ ዘመን ሚኒስትር የሆነ ሰው እምቢ ማለት ይችል ነበር ወይ የሚል ይኖራል። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበርሁ የትእዛዝን ክብደት አላቃልልም። ቢሆንም የምትጠሉት ሰው መዝገብ እጃችሁ ሲገባ፣ ዳኛም ሁኑ ዐቃቤ ሕግ፣ ተቃዋሚ እስኪያመለክት ሳትጠብቁ ራሳችሁ በጽሑፍ ከጉዳዩ ተነሱ፤ ምክንያቱንም በመዝገቡ ላይ አስፍሩ።