መልስ፦ ሙከራውን አትዝለለው

ወንድሜ፣ «የአከርካሪ ማነቃቂያው (ሕመም ለመቀነስ ወደ አከርካሪ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚልክ መሣሪያ) በቀጥታ ሰውነቴ ውስጥ ይቀበርልኝ ወይስ መጀመሪያ ልሞክረው?» ላልከው፣ ሙከራውን በፍጹም እንዳትዘል። ቀጫጭን ሽቦዎች በመርፌ ወደ አከርካሪህ ይገባሉ፤ ባትሪው ግን ውጭ ነው፣ ወገብህ ላይ ይታሰራል። ሙከራው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ሻወር የለም፣ በእርጥብ ፎጣ መታገል ነው! ሕመሙ ቢያንስ በ50 በመቶ ከቀነሰ ሐኪሞች ተሳካ ይላሉ። እኔ ቁጥሩን ትቼ ያየሁት ሌላ ነበር፤ ዕቃ አጥቤ እስክጨርስ ሳልቀመጥ መቆም ቻልኩ። ሕመሙ ግን ጨርሶ አልጠፋም፣ እሱን አትጠብቅ።

ከተቀበረ በኋላ ለ6 ሳምንት ያህል መጎንበስ፣ መጠማዘዝና ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው። አለበለዚያ ሽቦው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። መሣሪያው ኤምአርአይ (በማግኔት የሚደረግ የሰውነት ምስል ምርመራ) የሚፈቅድ ዓይነት መሆኑንም ቀድመህ ጠይቅ።